የሚስስ አይዳ ቤት መርዶ

ታረቁ። ዛሬ ጠዋት፣ የሌሊቱ በረዶ ከመስኮቱ ጠርዝ ሳይራገፍ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። አንደኛዋ አልቅሳለች፤ ሌላዋ ለቀናት ሲገፉት የነበረውን ቁርስ ጠርገው በልተዋል። እንዲህ ያለ የምሥራች አፍ ውስጥ ስለማይቆይ ነው ከጫፉ የጀመርኩት። ማን ከማን ታረቀ የምትሉ ከሆነ ግን ወደ ኋላ መለስ ማለት አለብኝ፤ የኋላው ደግሞ እንደ ፊቱ ደስ አይልም።

ፈትለወርቅ ካልጋሪ ከተማ፣ ዋይትሆርን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሏ ከደርበው ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች። አጭር ናት፤ ስትራመድ ግን ረጃጅሞቹ አይደርሱባትም። የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ትልቅ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ባለው ላውንድሪ ነው። ማጠቢያው ሲያጓራ ይውላል፣ ማድረቂያው ይግላል፣ እሷ ታጥፋለች። በየልብሱ አንገት ላይ የባለቤቱ ስም ተለጥፏል፤ እሷ ግን ስም ማንበብ ከተወች ቆይታለች። እጅጌው ላይ እንቁላል የሚያፈሰው ማን እንደሆነ፣ ካፖርቱ ለአጠባ መውረድ ያቆመው፣ ማለትም ከቤት መውጣት የተወው ማን እንደሆነ፣ ከጨርቁ ታውቃለች። ያጠፈችውን በጋሪ እየገፋች ወደየክፍሉ ታደርሳለች፤ ታንኳኳለች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ትደረድራለች፣ ትወጣለች። ብዙዎቹ ቀና ብለው አያዩአትም። ሚስስ አይዳ ግን አዩአት።

ሚስስ አይዳ ዘጠናን የተሻገሩ የቸሮኪ ሴት ናቸው። ቸሮኪ ማለት አሜሪካ ውስጥ ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ሕዝብ ነው። ኦክላሆማ ተወልደው፣ ነዳጅ ፍለጋ የሚሠራ ባል አግብተው፣ ባልየው ካልጋሪ ሥራ ሲያገኝ አብረው መጥተው እዚሁ ቀሩ። ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው ቫንኩቨር ናት፤ ለገና ትመጣለች፣ አንዳንዴም አትመጣም። ያን ቀን ፈትለወርቅ ሹራባቸውን ልታስቀምጥ ስትገባ አልጋቸው ላይ ወፍራም አልበም ተዘርግቶ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው እንደ ጥላ ነው የሚታያቸው። ጣታቸውን አንድ ካርድ ላይ አሳርፈው የዚህ ቤት በር ቀለሙ ምንድን ነው ብለው ጠየቋት። እንግሊዝኛ አንቺም አንቱም አይለይም፤ ፈትለወርቅ ግን ከዚያች ቀን ጀምራ በልቧ አንቱ ትላቸዋለች።

አልበሙ ሙሉ ቤት ነው። በድሮ ጊዜ ሰው መንገድ ሲሄድ ለዘመዱ የሚልካቸው ፖስትካርዶች ናቸው፤ ሁሉም ላይ ግን የቸሮኪ ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች። ጆርጂያ ያለው የጡብ ቤት አለ፣ ደረጃው ምሰሶ ሳይኖረው አየር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል። አለቃቸው የነበሩት ጆን ሮስ በወጣትነታቸው የኖሩበት የግንድ ቤት አለ። ሲኮያ የሚባለው፣ ለቸሮኪ ቋንቋ ፊደል ያወጣው ሰው፣ ኦክላሆማ የሠራት ትንሽዬ ጎጆም አለች። አንዳንዶቹ ጨርቅ የሚመስል ሸካራ ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው፤ ሚስስ አይዳ ዳብሰው ይለዩአቸዋል። በየጀርባው የማይታወቁ ሰዎች ጽሕፈት አለ፤ ደህና ገባን፣ ዝናቡ ግን አላስወጣን አለ የሚል ዓይነት።

ሚስስ አይዳ የሲኮያን ፊደል ጋ፣ ጌ፣ ጊ፣ ጎ፣ ጉ እያሉ ሲቆጥሩላት ፈትለወርቅ ጋሪዋን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አንዱ ምልክት ድምፁን ከነአናባቢው ይዟል። ይሄማ የኛው ነው ብላ እሷም ሀ ሁ ሂን እስከ ሆ ወረደችላቸው። ሁለቱ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጆች እየተቀባበሉ ሲቆጥሩ የሰማች ነርስ ምን ጉድ ነው ብላ አንገቷን አስግጋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የፈትለወርቅ የብሬክ ሰዓት እዚያ ክፍል ሆነ። እሷ ታያለች፣ ትናገራለች፤ እሳቸው ታሪኩን ይነግሯታል።

አንድ ቀን የጡቡን ቤት አድንቃ ሳትጨርስ ሚስስ አይዳ እጇን ያዙ።

"ቆይ። ያንን ቤት ያሠሩት ሰዎች ጥቁር ባሮች ነበሯቸው፣ ብዙ። ይህን ሳትሰሚ እንዳታደንቂው።"

 ፈትለወርቅ ለምን ነገሩኝ አለቻቸው።

"ከሌላ ሰው ብትሰሚው እኔ ደብቄሽ ነበር ማለት ነዋ።"

ቀስ በቀስ የቀረውንም ሰማች። የጆርጂያ መንግሥት የቸሮኪን መሬት ከነቤቱ ሎተሪ እንዳወጣበት። አለቃ ሮስ ከመንገድ ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው ውስጥ ሎተሪ የደረሰው ሰው ገብቶ እንዳገኙ። ኋላም ወታደር መጥቶ ሕዝቡን ሁሉ ወደ ምዕራብ እንደነዳው፣ ስንት ሺህ ሰው መንገድ ላይ እንዳለቀ። ማታ ለደርበው ስትነግረው፣ የአባቱ ቤት በደርግ ጊዜ የተወረሰበት ደርበው ሹካውን አስቀመጠና፣ "በሎተሪ? የኛዎቹስ ቢያንስ አዋጅ አነበቡልን" አለ።

ከዚያ በኋላ ራሷ ካርድ መሰብሰብ ጀመረች። ባቡር ላይ፣ ምሳ ላይ፣ አልጋ ላይ ስልኳን ይዛ የቸሮኪ ቤት ትፈልጋለች። ደርበው እንግዳ በመጣ ቁጥር ይከሳታል፤ ሰው ለቤት ዳውን ፔይመንት ያጠራቅማል፣ የኔዋ የሰው ቤት ፎቶ ታጠራቅማለች ይላል። "አሁን ስንት ቤት ደረሰልሽ?" ሲላት "ከነዘመዶችህ የሚበቃህ" ትለዋለች።

ካርዱ ሁሉ መጥቶ አንድ ብቻ አልተገኘም፤ የሚስስ አይዳ አያት ቤት። የአያታቸው አባት የቸሮኪ ዳኛ ስለነበሩ የከተማው ሱቅ በዘመኑ የቤታቸውን ፎቶ ካርድ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ነጭ የእንጨት ቤት፣ ሁለት የድንጋይ ጭስ ማውጫ፣ ሰፊ በረንዳ። ሚስስ አይዳ ያደጉት እዚያ ነው። አያታቸው ሲሞቱ ቤቱ ተሸጦ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ግን እዚያው ቆሟል። ደረታቸው ሲጠብባቸው፣ ሌሊቱ ሲረዝምባቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሄደው በረንዳው ላይ እንደሚቀመጡ ለፈትለወርቅ ነግረዋታል። ቤቱ ቆሞ ሳለ እሄድበት አላጣም ይሉ ነበር። ካርዱን ፈልጊልኝ ያሏትም ለዚህ ነው፤ እሳቸው እንኳ ባያዩት እሷ አይታ እንድትነግራቸው።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት ኦክላሆማ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የምትሸጥ ሴት መልስ ላከች። ፈትለወርቅ ያነበበችው ዋይትሆርን ጣቢያ ቆማ ነው። ካርዱ አለኝ፣ እልክልሻለሁ ትላለች ሴትየዋ። ቀጥላ ደግሞ፣ ያሳዝናል፣ ቤቱ ግን በገና ሰሞን ተቃጥሏል፣ የቀሩት ጭስ ማውጫዎቹ ብቻ ናቸው። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሄደ። ፈትለወርቅ ቆማ ቀረች።

አልነገረቻቸውም። የዚህ አገር ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ሄዶ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ብሎ፣ ነግሮ ይወጣል። እኛ ጋ መርዶ እንዲያ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም፣ ሲመሽ አይነገርም፣ ታሞ አይነገርም። ሚስስ አይዳ ደግሞ ያን ሳምንት ጉንፋን ደረታቸው ላይ ወርዶባቸው ነበር። ሲሻላቸው እነግራቸዋለሁ አለች። ተሻላቸው። ሞቃቱ የቺኑክ ነፋስ ተነሥቶ ራሳቸውን አመማቸው፤ ይህ ይለፍ አለች። አለፈ። ልጃቸው ከቫንኩቨር ትምጣ አለች። ከፋሲካ በኋላ አለች። ሚስስ አይዳ በየቀኑ ሴትየዋ መለሰች ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷ ገና ናት ትላለች፤ እሳቸው ይሁን፣ በረንዳው አይሸሽም ብለው ይስቃሉ። ያን ሳቅ ይዛ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች።

ካርዱ መጣ። ያማረ፣ ምንም ያልተቀደደ። እሱንም አልሰጠቻቸውም፤ ቢይዙት መጀመሪያ የሚጠይቁት ቤቱን ነዋ። መሳቢያ ውስጥ፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ሸጎጠችው። የምሥራቹም ከመርዶው ጋር አብሮ ታሰረ።

ያገኘው ደርበው ነው። ካርዱን አገላብጦ አየና ወጥ ቤት ድረስ ይዞላት መጣ። ነገሩን ያውቀዋል፤ ካርዱ መምጣቱን ግን አልነገረችውም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፈትለወርቅ እናት ካልተናገርኩ ነገሩ አይገባም። እናቷ አዲስ አበባ ሲያርፉ አልተነገራትም። ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ በየእሑዱ ስትደውል እህቷ ተኝተዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፣ ጠበል ናቸው ትላታለች። በመካከሉ ፈትለወርቅ እግራቸውን እንዳይበርዳቸው ብላ ውስጡ ፀጉር ያለው ጫማ በሰው ላከች። ደረሰ፣ ልክ ሆኗቸዋል ተባለች። ኋላ አንድ ጎህ ሲቀድ እዚሁ ካልጋሪ ያሉ እትዬ ተናኘ የሚባሉ ባልቴትና የእድሩ ሰዎች በሯን አንኳኩ፤ ጥቁር ለብሰው ስታያቸው ገባት። አለቀሰች፣ ተዝካራቸውን አወጣች፣ ተጽናናች ተባለ። የጫማው ነገር ግን አልወጣላትም። እስከ ዛሬ፣ ያንን ጫማ ማን አደረገው ትላለች።

ደርበው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ፈትለ፣ አሁን ጫማውን የተቀበልሽው አንቺ ሆንሽ።"

 ካርዱን አነሣች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ ቴምፕል የሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ተናኘ ቤት ሄደች።

እትዬ ተናኘ የሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ድምፃቸው ስለሚያጽናና ነው። የተቃጠለ ቤት መርዶ ንገሩልኝ ስትላቸው መጀመሪያ የቀለደች መሰላቸው።

"ቤት ነፍስ አለው እንዴ፣ ልጄ?"

ፈትለወርቅ የበረንዳውን ነገር ነገረቻቸው። አሮጊቷ በየሌሊቱ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ እንደሌላቸው ነገረቻቸው። እትዬ ተናኘ እስኪያልቅ ሰሟት። ከዚያ አረጋውያኑ የሚጦሩበት ቤት በር ጠዋት ስንት ሰዓት ይከፈታል ብለው ጠየቁ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ገና ሲነጋ፣ ሦስቱ ሄዱ፤ ፈትለወርቅ፣ ደርበውና እትዬ ተናኘ። ጥቁር ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ተረኛዋ ነርስ ማን ሞተ ብላ መዝገቧን ማገላበጥ ጀመረች፤ ደርበው ማንም አልሞተም ብሎ አረጋጋት፣ ከዚያ በላይ ግን እንዴት ብሎ ያስረዳት።

ሚስስ አይዳ ነቅተው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሦስት ጥቁር ጥላ በሩ ላይ ሲቆም አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

"ፌቲ፣ ማን ሞተብሽ?"

ጎትተው አቀፏት። እሷ ልታጽናና መጥታ እሳቸው ጀርባዋን ይደባብሱ ጀመር። ፈትለወርቅ አንገታቸው ሥር ተወሽቃ ተንሰቀሰቀች።  እትዬ ተናኘ ከኋላ ነካ አደረጓት፤ ንገሪያቸው እንጂ አሏት፣ ቀስ ብለው።

"ቤትዎ ነው" አለች ፈትለወርቅ። "ተቃጥሏል።"

የሚስስ አይዳ እጅ ጀርባዋ ላይ ቆመ።  ኮሪደሩ ላይ የቁርስ ጋሪ ሲንኳኳ ይሰማል።

"መቼ?"

"በገና ሰሞን።"

"አንቺስ መቼ ሰማሽ?"

እዚህ ላይ ትናንት ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያውቅባትም። ፈትለወርቅ ቀና ብላ ደርበውን አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል።

"ከሰማሁ ቆየሁ። ጉንፋን ይዞዎት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ።"

ሚስስ አይዳ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"እኔ በየሌሊቱ እዚያ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ሲነጋ ለአንቺ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሰሚኛለሽ። እያወቅሽ ብቻዬን አስቀመጥሽኝ።"

ፈትለወርቅ ይህንን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች። በአማርኛ፣ ለእህቷ፣ በስልክ ተናግራዋለች።

እትዬ ተናኘ ከእንግሊዝኛው አንዲት ቃል አልያዙም። ግን መርዶው እንደተነገረ ገብቷቸዋል፣ ቀጥሎ የሚደረገውንም ያውቃሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ የአያት ቤት፣ ያሳደገ ቤት፣ ምድጃው ብቻ የቀረ ቤት እያሉ፣ በዜማ። ሚስስ አይዳ ወደ ድምፁ ዞሩ። በእጃቸው ወንበሩን ዳብሰው አመለከቷቸው፤ እትዬ ተናኘም ተቀመጡ። ፈትለወርቅን ግን ሚስስ አይዳ አንቺ ሂጂ አሏት። ካርዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ምን እንደሆነ በሹክሹክታ ነግራቸዋለች፣ አልመለሱላትም። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቋንቋ የማያገናኛቸው ሁለት ባልቴቶች አብረው ሲያለቅሱ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀኖች መጥፎ ነበሩ። ልብስ ይዛ ስትገባ ሚስስ አይዳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ እሷ ደርድራ ትወጣለች። ለአጠባ የሚወርደው ሹራባቸው ላይ የሻይ ጠብታ እንኳ የለም፤ እንደማይበሉ ያወቀችው ከዚያ ነው። ላውንድሪው ውስጥ ያንን ንጹሕ ሹራብ ይዛ ቆማ ታገኛትና አብራት የምትሠራው ልጅ ሬዲዮውን ትቀንስላታለች። እትዬ ተናኘ ግን በየጠዋቱ ይሄዳሉ። ለቅሶ ይደረሳል፣ ይቀመጡታል፤ ቤት ነው ተብሎ አይተውም። ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፣ በአማርኛ ያወራሉ፣ ይመለሳሉ። ፈትለወርቅ ስለኔ አልጠየቁም ወይ ስትላቸው፣ "ስምሽ አልተነሣም፣ ልጄ" ይሏታል። ውሸት አያውቁም እትዬ ተናኘ።

ዛሬ ጠዋት ከፎቅ ላውንድሪው ድረስ ኮል ተደረገ፤ ሚስስ አይዳ እየፈለጉሽ ነው ተባለች። የምታጥፈውን አንሶላ ጥላ ወጣች። እሳቸው ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጓደኛሽ በማላውቀው ቋንቋ ነው የምትነግረኝ" አሏት። "ነርሷን ብጠይቃት ቆንጆ ቤት ነው ብላኝ ሄደች። ቆንጆ እንደሆነማ አውቃለሁ። አንቺ ንገሪኝ፣ ምን አለ?"

ፈትለወርቅ ተንበረከከች። ሁለቱን ጭስ ማውጫ ነገረቻቸው። የበረንዳውን እንጨት፣ አንዱ ደረጃ ዘመም ማለቱን፣ ከጎን ያለውን ዛፍ ነገረቻቸው። በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ቆመዋል፤ ረጅም ቀሚስ ለብሰዋል፣ አንድ እጃቸው መቃኑን ይዟል።

ሚስስ አይዳ ትንፋሻቸውን ያዙ። "እሷ ናት። አያቴ እንዲያ ነበር የምትቆመው። ፊቷስ?"

ፈትለወርቅ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ይስቃሉ ብትል ማን ያያል። እርስዎን ይመስላሉ ብትል ምን ነበረበት። አሮጊቷ ያንን ፊት ሰማንያ ዓመት ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

"ፊታቸው አይታይም" አለች። "ፎቶው ሲነሣ ተንቀሳቅሰዋል መሰለኝ። ደብዝዟል።"

"ምንም?"

"ምንም። እጃቸው ብቻ ጥርት ብሎ ይታያል።"

ሚስስ አይዳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጉንጫቸው ስንጥቅ ቀስ ብሎ ወረደ፣ አልጠረጉትም። ፈትለወርቅ አሁንም ሂጂ ይሉኛል ብላ ጠበቀች።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "አሁን አመንኩሽ።" እጃቸውን ዘረጉላት፤ ነይ፣ ተቀመጪ፣ እጇን ደግሞ ንገሪኝ አሏት። ፈትለወርቅ እያለቀሰች ጣት በጣት ነገረቻቸው። ቁርሱ ሲመጣ በሉ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል ብሎ የነገራቸው አሁንም ያው ነው፣ በጋውን አያልፉም ይሆናል፤ ቤቱም ተመልሶ አይቆምም። ግን ፈትለወርቅ ስትደውልልኝ ድምጿ ሌላ ነበር።

እትዬ ተናኘ ዛሬ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ስለነበራቸው ጠዋት አልሄዱም፤ አልሰሙም። ስልክ መደወል እችል ነበር፤ እንዲህ ያለው ግን በስልክ አያምርም። መኪናው እየሞቀ ነው፣ መስታወቱን ጠርጌዋለሁ። ከሐኪም ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ ልድረስባቸው።